አንቺ ቅደሚ

የልጄ ልጅ ቴልሞ ለትምህርት ሲሄድ ወደ ሩቅ አገር፣
ኮምፒውተሩን ተወልኝ፣ ከነአቧራው ከነገመዱ ጋር።
«አያቴ፣ ተጫወቺበት፤ ሮቦት ነው፣ ማዘዝ ብቻ ነው» አለኝ፤
ማዘዝ! ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ መታዘዝ እንጂ ማዘዝ ማን አስተማረኝ?

እኔ ዴዎሊንዳ፣
ጣቶቼን ለጨው የገበርኩ እንደ ዕዳ፣
ሲሪኑ በሌሊት ሲጮህ፣ ጀልባ ሲደርስ ከማቶዚንዮሽ ወደብ፣
ሽርጤን ደረጃው ላይ እያሰርኩ የምከንፍ ያለ ቀልብ፣
ራሱን ቆርጬ፣ ሆዱን ጠርጌ፣ ጭራውን ከጭራ አጋጥሜ፣
ስንቱን ሚሊዮን ሳርዲን በቆርቆሮ አስተኛሁት፣ እኔ ቆሜ!

አሁን ከወጥ ቤቴ ጠረጴዛ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ ሰክቼ፣
ትንንሽ ብርቱካንማ ሮቦቶች አሉኝ፣ ደመወዝ የማይጠይቁ ልጆቼ።
«አንሳ» እላለሁ፤ ያነሳል።
«አስቀምጥ» ስለው ያስቀምጣል።
«ባዶ ከሆነ ተመለስ»፤ ይመለሳል።
«ተመለስ» ማለት ብረሳ ግን
ግድግዳ ሲገፋ ያድራል።
ሞኝነቱ ደስ ይለኛል፤ ያልኩትን እንጂ ያሰብኩትን አያውቅም፤
ከአለቃችን ከሴንዮር ቫልድማር ይሻላል፣ እሱስ ያልኩትንም አይሰማም።

ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ መሙላት፤
ዓሣው ወለሉ ላይ ተዘረገፈ፣ ክዳኑ መጣ ሳይገባ ዘይት።
በአራተኛው ሠመረ። ሰንሰለቱ ዞረ፤
መቶ ቆርቆሮ በደቂቃ! ልቤ እንደ ኮረዳ ጨፈረ።

ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።
መቶ በደቂቃ… የኤርሚንያን ጣቶች ቆጠርኩ፣
የኦዴትን፣ የእኔን፣ የዚያችን ግራኝ ስሟን የረሳሁት፤
ሁላችንም አንድ መስመር ነን፣ መስመሩንም እኔው ነኝ የጻፍኩት።

የእኛን ፋብሪካ ሮቦት አልዘጋውም፤ ይህን አልዋሽም፤
ዓሣው ራቀ፣ ባለቤቱ ሞተ፣ ልጆቹ ሕንጻውን እንጂ ሽታውን አልወደዱም።
ዛሬ መኖሪያ ነው፤ ያ የቆረጥንበት አዳራሽ በረንዳ አለው፤
ኪራዩን የሰማ ሰው ከእንባው ሳቁ ነው የሚቀድመው።

አምስተኛው ደረጃ ላይ ግን ነገር መጣ።
መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ፣
«ፊትህ ሌላ ካለ ጠብቅ» ብዬ ለሁለቱም ጽፌ ነበር፤
መሐል ላይ ተገናኙ። ሁለቱም ቆሙ፣ በደንብ በክብር።
ይኼ ያንን ይጠብቃል፤
ያ ይኼንን ይጠብቃል፤
አንዱ ዓሣ ተሸክሟል፣ አንዱ ባዶ እጁን ነው፤
አንተ ቅደም፣ የለም አንተ፣ ኧረ በሞቴ፣ የሚባባሉ ነው የሚመስለው።
ሰንሰለቱ ቆመ። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ተኛ።
ከስክሪኑ ጥግ ቀይ መብራት በራ፣ እንደ ተቆጣ ዳኛ።

እኔና ኤርሚንያ እንዲሁ ነበርን በፈረቃ፣
የኋላው በር ላይ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለግማሽ ደቂቃ፣
እርጥብ ሽርጧ ደረቅ ሽርጤን ሲነካ።
«አንቺ ቅደሚ።»
«ኧረ አንቺ፣ አንቺ ደክሞሻል።»
«ትዘገያለሽ፣ ቫልድማር ይቆርጥብሻል።»
በዚያች በር የልጇን መታጨት ሰማሁ፣ የእኔንም ጥርስ ሕመም ሰማች።
ባሏ ከባሕር የቀረ ሳምንት ግን ምንም አላለች።
ቆመች።
እኔም ቆምኩ።
ከኋላችን የነበሩት ሴቶች አልገፉንም።

ቴልሞ ደወለ። «ቀላል እኮ ነው አያቴ፤ ለአንዱ ቅድሚያ ስጪ፤
አንድ መስመር ብቻ ጨምሪና ወደ ስድስተኛው ውጪ።»
«እሺ» አልኩት።
ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩት።
አልጻፍኩም።

መብራቱን አጥፍቼ ስክሪኑን ብቻ ተውኩ፤
በጨለማው ወጥ ቤት ሁለት ብርቱካንማ ነጥቦች፣ እንደ ፍም፣
አልተገፋፉም፣ አልተላለፉም።
ነገ እጽፈው ይሆናል።
ዛሬ ይቁሙ።
ዓሣው እንደሆነ አይሸትም፤
ደመወዛቸውን የሚቆርጥም የለም።